ለሃያት ሳይክል ልመርጥ አጋሮ የሄድኩ ዕለት

አባ ፊጣ ሲደውሉልኝ ባንክ ውስጥ ሥራ ላይ ነበርኩ። መስኮቴ ፊት ደንበኞች ተሰልፈው ስለነበር የመጀመሪያውን ጥሪ አላነሳሁም። ሁለተኛው ሲመጣ ግን ስልኩ ላይ ስማቸውን አየሁ። ልጃቸውን ነጂብን ከቀበርን ወዲህ ድምፃቸውን ሰምቼ አላውቅም። ከፊቴ የቆሙትን ሰው ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኋላ ክፍል ገባሁ።

«ሰናይት ልጄ፣ ደህና ነሽ? እናት አባትሽ ደህና?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ናቸው። እርስዎስ? ሃዳ ነጂብስ እንዴት ናቸው?»

ሃዳ ነጂብ ማለት በኦሮምኛ የነጂብ እናት ማለት ነው። በእኛ አገር እናት በልጇ ስም ትጠራለች። ልጁ ቢሞትም ስሙ እሷ ላይ ይቀራል።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለች» አሉ። ድምፃቸው ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። «ቅዳሜ አጋሮ ብትመጪልኝ ብዬ ነው። ለሃያት ሳይክል ምረጪላት።»

ሃያት የነጂብ ታናሽ እህት ናት፤ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች።

«ሃያት መንዳት ጀመረች እንዴ?»

«ጀመረች። እሁድ የነጂብ ጓደኞች ለእሱ ማስታወሻ ከአጋሮ ጅማ ይነዳሉ። እሷም አብሬ ካልነዳሁ አለች። ሁለት ሳይክል አለ። አንዱን ጅማ ሄርማታ ገበያ ያለ ነጋዴ በሙከራ ሰጥቶኛል። ሌላው... የነጂብ ነው። አንቺ ታውቂዋለሽ።»

እመጣለሁ አልኳቸው። እንቢ ማለት አልችልም ነበር፤ ደግሞም ያኔ ለማንም እንቢ ማለት አልችልም ነበር።

ስለራሴ ትንሽ ልንገራችሁ። የተወለድኩት ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። አባቴን የመንግሥት ሥራ ነው ከሸዋ ያመጣው። ቤታችን ውስጥ ትልቁ ትምህርት ሰውን አለማስቀየም ነበር። እንግዳ ያመጣው ስጦታ ባይወደድም ይመሰገናል፤ የጎረቤት ምግብ ጨው ቢበዛበትም ይጣፍጣል። እኔም እንዲያ ሆኜ አደግኩ። ሳይክል የጀመርኩት በልጅነቴ ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ለአንድ ክለብ ተወዳድሬያለሁ። ጉልበቴ ሲጎዳ ተመልሼ ባንክ ገባሁ። ነጂብ ጎበዝ ብስክሌተኛ ሆኖ ሲወጣ እኔ ልተው ደርሼ ነበር፤ ግን አንድ ወቅት አብረን ተለማምደናል። ሲስቅ መሪውን ለቆ የሚስቅ ልጅ ነበር።

የወደቀው በጅማና በአጋሮ መካከል ካሉት ቁልቁለቶች በአንዱ ላይ ነው። ብቻውን ነበር። መኪና አልነካውም፤ እንስሳም መንገድ አልገባበትም። ለቀስተኛው ሁሉ «ፍጥነት ነው የገደለው» አለ፤ ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። እናቱ ግን አልዘጉትም። ያን ሳይክል ከአዲስ አበባ ያመጡለት አባቱ ስለነበሩ፣ «አንተ ባታመጣለት ኖሮ» አሉ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ ከሰላምታና ከቤት ጉዳይ ያለፈ ቃል እንደማይለዋወጡ አጋሮ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። የቡና ለቀማ ጊዜ ነው፤ ከየቡ ከተማ ጀምሮ መንገዱ ዳርና ዳር ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ይታያሉ። ነጂብ የወደቀበት ቦታ ስንደርስ ሹፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰ። ያውቀው ይሁን በአጋጣሚ፣ አልጠየቅኩትም።

የአባ ፊጣ ግቢ ሰፊ ነው። አንድ ወገን መኖሪያ ቤቱ፣ ሌላው ወገን የቡና መጋዘኑ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቅ ቡና፣ የተሰጣባቸው አልጋዎች አሉ። አባ ፊጣ በር ላይ ተቀበሉኝ። ከስተዋል። ሃዳ ነጂብ ከቤት ወጥተው ጉንጬን ሳሙኝ፤ ሻይ እንዲመጣልኝ አዘዙና ተመልሰው በሩ ላይ ከተንጠለጠለው መጋረጃ ጀርባ ተቀመጡ። መጋረጃው ስስ ነው። እግራቸው ይታየኛል።

ሳይክሎቹ የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከነጋዴው የመጣው ቀይ ነው፤ ጎማው ላይ አቧራ አለ። የነጂብ ጥቁር ነው። ታጥቧል፣ ካቴናው ዘይት ተቀብቷል፣ መሪው ላይ አዲስ ጥቅልል ተጠቅልሎበታል። ኮርቻው ለሃያት ቁመት ዝቅ ተደርጓል። ሃያት አጠገቡ ቆማ እጇን ኮርቻው ላይ አሳርፋለች። ሒጃቧን አጥብቃ አስራ፣ ከወንድሟ ማልያዎች አንዱን ለብሳለች። ማልያው ሰፍቷታል።

«ከወደቀባት ቀን ጀምሮ ጓዳ ቆልፌበት ነበር» አሉ አባ ፊጣ። «ትናንት ነው ያወጣሁት። ያጠብኩትም ራሴ ነኝ። የሌላ ሰው እጅ አልነካውም።»

«ትናንት ግቢ ውስጥ ሞከርኩት፣ ሰኒ» አለች ሃያት። «ወላሂ እንዴት ይቀላል መሰለሽ! በአንድ እጅ ታነሺዋለሽ።»

ምርጫው እኔ ከመድረሴ በፊት አልቆ ነበር። የተጠራሁት ሳይክል ልመርጥ ሳይሆን «አዎ፣ ይሄ ነው» እንድል ነው። ይህንንም ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ሃያትን አስቀምጬ ለካኋት፤ እጇን መሪው ላይ፣ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ። ትንሽ ይተልቃታል እንጂ ይስተካከላል። እንደዚያም አልኩ፦ «ትንሽ ይረዝምባታል፣ ግን ይስተካከላል።» አባ ፊጣ ፈገግ አሉ።

እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን ሁለቱም ሳይክሎች ከካርቦን ፋይበር የተሠሩ ናቸው፤ ካርቦን ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ጉዳቱን ያሳያችኋል። ካርቦን ከላይ ምንም ሳይመስል ውስጥ ለውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ክለብ ሳለሁ የለመድነው አንድ ቀላል መፈተሻ አለ፤ ፍሬሙን፣ ማለትም የሳይክሉን አካል፣ በሳንቲም እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ። ጤነኛ ከሆነ ጠንካራና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተጎዳ ቦታ ላይ ድምፁ ይሞታል። ከቦርሳዬ ሳንቲም አወጣሁ።

ከኮርቻው በታች ጀመርኩ። ጥርት ያለ ነው። የላይኛው አግዳሚ ጥርት ያለ ነው። ከመሪው ሥር ወደ ታች የሚወርደው ወፍራሙ ቱቦ ላይ ስደርስ ድምፁ ተለወጠ። መለስ ብዬ መታሁ። ከላዩ ደህና ነው። ከሥሩ ግን እንደ እርጥብ እንጨት ነው።

ተንበርክኬ ጣቴን ከቱቦው ሥር አስገባሁ። የሆነ እንደ ክር ቀጭን ነገር ነካሁ። የስልኬን መብራት አብርቼ አየሁ። ስንጥቅ ነው፤ ቱቦውን ከሥሩ ተሻግሯል። በላዩ ላይ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። ቀለሙ ከፍሬሙ ቀለም ጋር ይመሳሰላል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ያብረቀርቃል፣ ወፈር ብሎም ይታያል። ከሩቅ ለሚያየው ምንም የለም። አጥቦ ለሚወለውለው ሰውም ምንም የለም።

ተንበርክኬ ቆየሁ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ስለ ነጂብ አልነበረም። እንዴት አድርጌ ከዚህ ግቢ ሳልናገር እንደምወጣ ነበር የማስበው። መንገዱም ወዲያው ታየኝ። ተነስቼ ልብሴን አራገፍኩና እንዲህ አልኩ፦

«አባ ፊጣ፣ ደግሜ ሳየው ይሄ ለሃያት በጣም ይተልቃታል። ቀዩ ይሻላታል።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «አሁን ይስተካከላል አልሽኝ እኮ ልጄ።»

«አዎ፣ ግን...»

«እኔ ይሄንን ነው የምነዳው» አለች ሃያት። «ቢተልቅም ይተልቅ። ቀዩን መልሱለት። ነገ በነጂብ ሳይክል ነው ጅማ የምገባው።»

አባቷ ሊከራከሯት አልሞከሩም። ልባቸው ከእሷ ጋር ነበር። ነገ ያን ቁልቁለት፣ በዚህ ሳይክል!

«አባ ፊጣ፣ ለብቻዎ ላናግርዎ እችላለሁ?»

ትኩር ብለው አዩኝ። «አይሆንም» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ቤት በሹክሹክታ የሚነገር ነገር ይብቃን። ያየሽውን እዚሁ ተናገሪ።»

አፌ ደረቀ። ቃሉ አጭር ነው፤ ለማውጣት ግን የወሰደብኝን ኃይል ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

«ፍሬሙ ተሰንጥቋል። ሃያት በዚህ ሳይክል አትነዳም። ማንም ሰው በዚህ ሳይክል መንዳት የለበትም።»

መጋረጃው ጀርባ ያሉት እግሮች ተንቀሳቀሱ።

«ሲወድቅ ነው የተሰነጠቀው» አሉ አባ ፊጣ። እንደ ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ግን ጥያቄ አደረጉት። «ሲወድቅ ነው፣ አይደል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሃያት ተርፋለች፤ ከዚህ በኋላ ውሸቱ ማንን ይጎዳል? አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ። እኔን ለማስደሰት ብለሽ እንዳትመልሺልኝ። ሰው ሁሉ የኔ ልጅ በፍጥነት ሞተ ይላል። እናቱ እኔ እንደገደልኩት ታስባለች። እኔ ደግሞ ምን እንደማስብ አላህ ያውቃል። ሰው ሁሉ ሲያባብለኝ ነው የከረመው። በአላህ ይሁንብሽ፣ የምታውቂውን ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። «ስንጥቁ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል። እርስዎ ከወደቀ በኋላ ማንም አልነካውም ብለውኛል። እንግዲያው የቀባው ራሱ ነጂብ ነው። ሳይወድቅ በፊት ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱም ያውቅ ነበር።»

ግቢው ውስጥ ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ሥራቸውን ሲያቆሙ ሰማሁ። አባ ፊጣ ተጠግተው ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን ከቱቦው ሥር አስገብተው ፈለጉ። ሲያገኙት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዚያ ሃያት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«የጥፍር ቀለም ነው» አለች። «የኔ ነው። ለዒድ የገዛሁት ጥቁር ቀለም። ስጪኝ አለኝ፣ ምን ታደርግበታለህ ስለው ሳይክሌ ተጭሯል፣ ልሸፍንበት አለኝ። ስቄ ሰጠሁት።» ማልያውን ፊቷ ላይ ሳበችው። «እኔ ነኝ የሰጠሁት። ስቄበት።»

«ያመጣሁለት እኔ ነኝ» አሉ አባ ፊጣ። «ሰው የነዳው እንደሆነ ነግረውኛል። አዲስ ይመስላል ብዬ፣ ቀላል ነው ብዬ አመጣሁለት። ምኑን አውቄ?» ወደ እኔ ዞሩ። «የወደቀው በዚህ ነው?»

«አላውቅም» አልኩ። «የተሰነጠቀ ፍሬም ቁልቁለት ላይ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ መሪውን ሊያስትም ይችላል። ግን በሌላ ምክንያት ወድቆም ሊሆን ይችላል። ይሄንን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው በእርግጠኝነት ሊነግርዎ አይችልም።»

«እያወቀ ለምን ነዳው?»

ያን ጊዜ በዚያ ግቢ ውስጥ ጥፋት ከሰው ወደ ሰው ሲዞር በዓይኔ ያየሁ መሰለኝ። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ሞተው ወንድም፣ ተመልሶ ወደ አባት። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ዝም ብል ኖሮ ቢያንስ ሃያት ይህን ሳታውቅ ትኖር ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ሃዳ ነጂብ ወጡ። ሳይክሉን አላዩትም። ሄደው ሃያት አጠገብ ተቀመጡና ራሷን ደረታቸው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ባላቸውን ቀና ብለው አዩ። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ እኔም ጅማ ያደግሁ ነኝና ቃል በቃል ሰማሁት።

«አንተ ልጄ ይደሰት ብለህ አመጣህ። እሷ ወንድሜ ነው ብላ ሰጠች። እሱ፣ አባቴ ባመጣልኝ ነገር አባቴ አይዘን ብሎ ደበቀ። ከእናንተ ውስጥ ክፉ ያሰበ ማን አለ?» ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ ነኝ ክፉ ስናገር የከረምኩት። አባ ፊጣ፣ ደክሞኛል። ከዚህ በኋላ ማንንም መክሰስ አልችልም።»

አባ ፊጣ የያዙትን ዱላ ጣል አድርገው እዚያው መሬት ላይ፣ ከሚስታቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ። አልተቃቀፉም። እጃቸውን ዘርግተው የሚስታቸውን የነጠላ ጫፍ ያዙ፣ በቃ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ቡና የምታገላብጠው አንዲት ሴት ዓይኗን በክንዷ ስትጠርግ አየሁ።

ብዙ ቆይተን አባ ፊጣ መጋዝ እንዲመጣላቸው አዘዙ። ሃያት ደነገጠች። «አባ፣ አይሆንም!»

«የነጂብን ማልያ እንያዝ፣ ጫማውን እንያዝ» አሉ። «ይሄ ግን እንዲህ ሆኖ ከቆመ አንድ ቀን አንድ ሰው ይነዳዋል። እኔ ብሞት ማን ያውቃል? በሌላ ሰው ልጅ ላይ ይሄ አይድረስ።»

ሃያት እናቷን አየች። እናቷ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ሃያት ራሷ ፍሬሙን ያዘችላቸው። አባ ፊጣ «ቢስሚላህ» ብለው ስንጥቁ ላይ መጋዙን አሳረፉ። ቱቦው እንዳሰብነው አልጠነከረም። ሲለያይ ውስጡ ታየ፤ እንደ ጥቁር ጨርቅ ድርብርብ ሆኖ ተላቋል። አባ ፊጣ ያን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ከውጭ ሳየው እንዴት ያምር ነበር» አሉ ብቻ።

ቀዩ ቀረ። አሁን በእውነት መምረጥ ነበረብኝ። ጎማዎቹን አወለቅሁ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ አወረድኩ፣ ከላይም ከሥርም ሳንቲሙን እያስኬድኩ አዳመጥኩ። ሦስቱም ከበውኝ ያዳምጣሉ። የጨረስኩት ቡናው ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ሊሸፈን ሲል ነው። መጠኑ የሃያት ነው፤ ስንጥቅ አላገኘሁበትም። ከጥቁሩ ግን ይከብዳል፣ ፍሬኑም መለወጥ ነበረበት። የፍሬኑን ላስቲክ እዚያው አጋሮ አስገዛን።

ሃዳ ነጂብ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አላናገሩኝም ነበር። ልሄድ ስነሳ ክንዴን ያዙኝ።

«ይሄኛውስ አይጥላትም?»

የለመድኩት መልስ ምላሴ ላይ መጣ፤ አይዞዎት፣ ምንም አትሆንም። ዋጥኩት።

«አይጥላትም ማለት አልችልም፣ ሃዳ ነጂብ። ሳይክል ይጥላል። ዛሬ ጤነኛ መሆኑን ግን አይቻለሁ። ከወደቀች ወይም የሆነ ነገር ከመታው እንደገና መታየት አለበት። ደህና መስሎ ቢታይም።»

ክንዴን አልለቀቁም። «ኤዬ፣ አዎ» አሉ። «እንዲህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነበር።» ከዚያ ግንባሬን ሳሙኝ።

በማግስቱ ብስክሌተኞቹ ከአጋሮ ሲነሱ እኔ ከአባ ፊጣ ጋር በፒካፕ ከኋላ ተከተልኩ። ሃዳ ነጂብ ከፊት ከባላቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ነጂብ የወደቀበት ቦታ ላይ ሁሉም ወርደው ቆሙ። ዱዓ ተደረገ፤ እኔም በልቤ የራሴን ጸሎት አደረስኩ። ከዚያ ሃያት ቀዩ ላይ ወጣች። ቁልቁለቱን ፍሬን እየያዘች፣ ከሁሉም ኋላ ሆና ወረደች። አባቷ መኪናውን በእሷ ልክ አዘገሙ። ማንም አልቸኮለም። ጅማ ስንገባ አሸናፊ አልነበረም። ሃያት ከሳይክሉ ወርዳ እናቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ነጂብ ከሞተ ወዲህ እናቷ ፊት ስታለቅስ ያ የመጀመሪያዋ እንደሆነ በኋላ ነገረችኝ።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። አንባቢዎቼ፣ ያን ዕለት ድንገት ደፋር ሆንኩ ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። አሁንም ሰውን የሚያስከፋ ነገር ከመናገሬ በፊት አፌ ይደርቃል። ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ድሮ እውነት መናገር ሰውን ማቁሰል፣ ዝም ማለት ደግሞ ሰውን ማክበር ይመስለኝ ነበር። ያን ዕለት ያየሁት ቤት ሁሉም የሚዋደዱበት፣ ሁሉም ለሌላው ሲሉ ዝም ያሉበት ቤት ነው። ነጂብ ያን ስንጥቅ የሸፈነው በፍቅር ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስለ ሰው ብዬ ዝም ስል፣ የምሸፍነው ምን እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ።

አሁን እሁድ እሁድ የጅማ ብስክሌተኞች ሳይክላቸውን ያመጡልኛል፤ እያንዳንዱን አያለሁ። «ይሄን አትንዳው» ያልኩት አንድ ወጣት ተቀይሞ ሰላምታ ነሥቶኛል። ያገለገሉ ካርቦን ሳይክሎች የሚያመጣ አንድ ነጋዴም ገበያዬን አበላሸሽ ይለኛል። ይበሉ። እናንተም ለልጃችሁ ሳይክል የምትገዙ ከሆነ፣ በክብደቱና በውበቱ ከመማረካችሁ በፊት ከሥሩ ተንበርከኩና እዩ። ልጃችሁ አንድ ነገር ተበላሸብኝ ብሎ ሲመጣ ደግሞ፣ ያ ነገር የቱንም ያህል ለፍታችሁ ያመጣችሁለት ቢሆን፣ ፊታችሁን አታጥቁሩበት። በሚቀጥለው ጊዜ ላይነግራችሁ ይችላል።

ሃያት ዛሬም ትነዳለች። ባለፈው አጋሮ ሄጄ ከልምምድ ስትመለስ ደረስኩ። እናቷ ከበሩ ላይ ሆነው «ሳይክሉ ደህና ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ደህና አይደለም» አለች ሃያት፣ ሳይክሉን ግድግዳው ላይ እያስደገፈች። «ድንጋይ መታው። ነገ አልነዳም።»

«እሺ» አሉ እናቷ፤ ምሳ ሊያቀርቡላት ገቡ።

በዚያ ቤት አሁን እንዲህ ማለት ይቻላል።